ዕጣ ያጎራበታቸው ሰዎች ዕድር ያቆማሉ ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። በሕንፃችን ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግራዋዩ፣ ወላይታው አለ። ዕድር እናቋቁም ስንል አንዳንድ ጎረቤቶች «የተለያየ ብሔር አይተማመንም፣ በጥናት የተረጋገጠ ነው፤ ሁሉም በየሀገሩ ልጅ ዕድር ይግባ» አሉን። እውነት ነው?

መልስ፦ ጥናቱስ አለ። አሜሪካዊው ምሁር ሮበርት ፑትናም እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ብዙ ዘር በተቀላቀለበት አካባቢ የሚኖሩ አሜሪካውያን በጎረቤቶቻቸው፣ በገዛ ወገናቸውም ጭምር፣ ያላቸው እምነት አነስ ብሎ እንዳገኙት ገልጸዋል። ይኸው ነገር በጊዜ ብዛት ሊለወጥ እንደሚችልም እዚያው ጽፈዋል።

ለእናንተ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በዚያው ዓመት የወጣው፣ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ የተካሄደው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የድሃ ሰፈር ነዋሪዎች እውነተኛ ገንዘብ ለሌላ ሰው እንዲያካፍሉ አደረጉ። ሰጪው ማን እንደሆነ በማይታወቅበት ጊዜ በጥቅሉ ለብሔር ወገን ማድላት አልታየም። ማንነቱ ሲታይ ግን አንዳንዱ ለወገኑ አብልጦ ሰጠ። የብሔርን ሰው አፈላልጎ ማግኘትም ይቀል ነበር። ያስተባበራቸው እንግዲህ ደም ሳይሆን፣ ቢያጠፉ ጠያቂ መኖሩ ነው።

ዕድር ይህንን ጠያቂ ለሁሉም እኩል ያቆማል። ኮልፌ የዕድር ጸሐፊ በነበርኩበት ጊዜ ድንኳን ውስጥ ስም ስጠራ ክርስቲያኑም እስላሙም «አቤት» ይል ነበር፤ የቀረ ይቀጣል። ከዶርዜ የመጣ ሸማኔ ጎረቤታችን ሲያርፍ ዘመዶቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ቀብሩም ተቆፍሮ ነበር። የተከሉት ሰዎች ቋንቋውን አይሰሙም።

ጦርነቱ በሰው ልብ ያስቀመጠውን ፍርሃት አልክድም፤ ያመኛልም። የኮንዶሚኒየም ዕድርን የሚያፈርሰው ግን፣ እኔ እንዳየሁት፣ የተከራይ መመላለስ ነው። ዛሬ የከፈለ በዓመቱ ሌላ ሰፈር ነው፤ ባለቤቱም ሌላ ቦታ ይኖራል። ስለዚህ ተከራዩን ከመጀመሪያው ስብሰባ ጥሩት፤ ለቆ ሲሄድ መዋጮው ምን እንደሚሆን በደንቡ ይጻፍ። የባንክ ሂሳቡ በሦስት ሰዎች ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ገቢና ወጪው በየወሩ በጉባኤ ይነበብ። ሹመቱን በብሔር ኮታ አታከፋፍሉ፤ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ሁሉም በሩን የሚያውቀው፣ ሲፈለግ የሚገኝ ሰው ይሁን። የሀገር ልጅ ዕድር ያለውም አይተወው፤ ሁለቱንም መክፈል የተለመደ ነው።