አትሹት! ስለ ካናዳ ትልልቅ ሳንቲሞች ጥያቄና መልስ

ዛሬ ጥያቄ የምቀበለው ከ1858 እስከ 1920 ስለወጡት የካናዳ ትልልቅ ባለ አንድ ሳንቲሞች ብቻ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር ቀድሜ ልበል፦ ሳንቲማችሁን አትሹት። በሎሚም፣ በአመድም፣ በጥርስ ሳሙናም።

ከካልጋሪ፦ ጋሼ፣ 1859 የሚል አለኝ። ስንት ያወጣል?

መልስ፦ የትኛው 1859? ፎቶ የለ፣ ክብደት የለ። ምን ብዬ ልመልስልህ?

ከካልጋሪ፦ ይቅርታ ጋሼ። 9ኙ ሰፋ ያለ ነው።

መልስ፦ አሁን መነጋገር ይቻላል። በ1858 እና በ1859 ለንደን ላይ የታተመው 10 ሚሊዮን ሳንቲም ነው። 1858 የሚለው 421,000 ብቻ ሲሆን የቀረው ሁሉ 1859 ይላል። ሰፊው 9 በ8 ላይ የተመታ ነው። በአጉሊ መነጽር ካየኸው የ8 ቅሪት ከ9ኙ ሥር ብቅ ይላል። አብዛኛው ግን ጠባብ 9 ነው፤ እሱ ርካሽ ነው። ከጠባቦቹ ውስጥ 9ኙ ሁለቴ የተመታባቸው አሉ፤ ሰብሳቢ የሚሻማባቸው እነሱ ናቸው።

ክብደቱንም መዝን። የ1858 እና የ1859 ሳንቲም 4.54 ግራም ነው፤ መቶው አንድ ፓውንድ እንዲመዝን ተብሎ የተሠራ። ስፋቱ 25.4 ሚሊ ሜትር፣ ልክ አንድ ኢንች ነው። ሕዝቡ ከባድ የመዳብ ሳንቲም ለምዶ ስለነበር ይህን ቀላል ነገር ጠላው። መንግሥት ክምችቱን ለማራገፍ 20 በመቶ ቀንሶ እስከ መሸጥ ደርሷል። አዲስ ሳንቲም ማሳተም ያስፈለገው በ1876 ነው፤ ያኔ ክብደቱ ወደ 5.67 ግራም ከፍ አለ። ስለዚህ 1858 ብሎ 5.6 የሚመዝን ይዞብኝ የሚመጣ ሰው አላናግርም።

ከቶሮንቶ፦ የኔ 1859 ቢጫ ነው። ናስ ይሆን?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። አዎ፣ በናስ፣ ማለትም በመዳብና ዚንክ ቅይጥ፣ የታተመ 1859 አለ፤ እጅግ ብርቅ ነው። ግን የተለመደው 1859 የተሠራበት፣ 95 በመቶ መዳብ፣ 4 በመቶ ቆርቆሮ፣ 1 በመቶ ዚንክ የሆነ ነሐስ ሲወለወልም ቢጫ ይላል። ሰው ፈትጎ ፈትጎ «ናስ አገኘሁ» ይላል። ዓይን አይፈርድም፤ የብረት ምርመራ ያስፈልጋል። ደግሜ ልናገር፦ አትሹት።

ከዋሽንግተን፦ ደረጃውን በቀለሙ ነው የምንለየው?

መልስ፦ አይደለም! መጀመሪያ የሚታየው መበላቱ ነው። ከፍ ያለው ቦታ ቀድሞ ይበላል። በ1858 እና 1859 የንግሥት ቪክቶሪያን የአክሊል ቅጠልና ፀጉሯን እዩ። ከ1876 ጀምሮ ባለችው ቪክቶሪያ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ፀጉርና ሹሩባዋን እዩ። ፀጉሩ ክር በክር ከታየ ጥሩ ነው፤ ድፍን ካለ ደረጃው ወርዷል። በንጉሥ ኤድዋርድና በንጉሥ ጆርጅ የዘውዱን መቀነት እዩ። ቀለም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀይ፣ ቀይ ቡኒ፣ ቡኒ ይባላል። በኬሚካል የተነከረ ቀይ ወደ ሮዝ ያደላል፤ ሐቀኛ ቡኒ ከእሱ ይሻላል። ቶሮንቶ ያለው አይሲሲኤስም ሆነ ሌሎቹ ደረጃ አውጪዎች የታጠበውን ያውቁታል፤ ታጥቧል ብለው ይጽፉበታል።

ሌላ አባል፦ እኔ የወይራ ዘይት ውስጥ አሳድሬው አረንጓዴው ለቀቀልኝ።

ከዋሽንግተን፦ የወይራ ዘይት አሲድ አለው እኮ! ከሱ አሴቶን ይሻላል።

ሌላ አባል፦ አሴቶን መዳብ ያጠቁራል ይባላል። አንተ ሞክረኸዋል?

ከዋሽንግተን፦ አንተስ ሳንቲምህን በማጉያ አይተኸዋል?

ከካልጋሪ፦ ቤት ውስጥ ጠገራ ብር ያለው አለ? የኔ 1780 ይላል፣ በጣም አሮጌ ነው።

መልስ፦ ጠገራ ብር ሁሉ ማለት ይቻላል 1780 ነው የሚለው፤ በኋላ የታተመውም። ሌላ ቀን።

ወደ አረንጓዴው እንመለስ፤ ሁለት ዓይነት ነው። የሚያጣብቅ አረንጓዴ ካለ ከለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት የመጣ ነው። ንጹሕ አሴቶን ያወጣዋል፤ የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ግን አይሆንም፣ ሽቶና ዘይት አለበት። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አርቁ፣ ሳንቲሙን ንከሩት እንጂ አትፈትጉት። ዱቄት መሳይ፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ ከሆነና ሥሩ የሚቦረቡር ከሆነ ግን የነሐስ በሽታ ነው። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድና እርጥበት ሲገናኙ የሚመጣ ነው። ከሌሎቹ ለዩት፣ ደረቅ ቦታ አኑሩት፣ ለባለሙያ ስጡት። ባለሙያዎች ቤንዞትራያዞል የሚባል ኬሚካል ይጠቀማሉ፤ መርዛማ ነው፣ ወጥ ቤት ውስጥ አይሞከርም። የወይራ ዘይቱን ተዉት፤ አሲድ አለው የተባለው እውነት ነው።

አዲስ አባል፦ ሳንቲሜን በምን ላጽዳው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ከቶሮንቶ፦ 1907 ላይ ትንሽ የኤች (H) ፊደል አለ። ምንድን ነው?

መልስ፦ በርሚንግሃም የነበረው የሂተን ማተሚያ ምልክት ነው። 800,000 ብቻ ነው የታተመው። ያዘው።

ከዋሽንግተን፦ ስለ 1891ስ?

መልስ፦ እሱ ለብቻው አንድ ምሽት ይፈልጋል። ትልቅና ትንሽ የዓመት ቁጥር፣ ጀርባው ላይ ትልቅና ትንሽ ቅጠል፤ ሲጣመሩ አራት ዓይነት ይሆናሉ። በብዛት የሚገኘው ትልቅ ዓመት ከትልቅ ቅጠል ጋር ነው። ትልቅ ዓመት ከትንሽ ቅጠል ጋር ካገኘህ ለማንም ሳታወራ ጻፍልኝ። ፎቶው ከሁለቱም ወገን፣ ቀጥ ብሎ ከላይ የተነሳ፣ ያለ ፍላሽ ይሁን።