የቮልስዎን የጣሪያ ልብስ ከማስነሳትዎ በፊት የበሩን ስዊች ይመርምሩ

ጠያቂያችን፣ የ1972 ሞዴል ቮልስዎ ባቱላሜራና ቀለም ተሠርቶ ከወጣ ወዲህ በር ሲከፈት የውስጥ መብራቱ እንደማይበራ፣ ኤሌክትሪሽያኑም «የጣሪያው ሽቦ በሙሉ ይቀየር» እንዳለዎት ጽፈዋል። እኔም ደብረ ብርሃን ላይ በዚሁ ጉዳይ ብዙ ገንዘብ ስለከሰርኩ፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ እባክዎ ለማንም እሺ አይበሉ።

1. የመብራቱን ማብሪያ ሁልጊዜ ወደሚበራበት ቦታ ይግፉት። ከበራ አምፖሉም፣ ፊውዙም፣ ከባትሪ የሚመጣው ቀይ ሽቦም ደህና ናቸው። መብራቱ ኃይል የሚያገኘው ቁልፍ ሳይከፈትም ጭምር ነው፤ በር ሲከፈት በበሩ ምሰሶ ላይ ያለው ስዊች ወደ ውጭ ይወጣና ቡናማውን መስመር ከማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ከተያያዘው የመኪናው ብረት) ጋር ያገናኘዋል። ስዊቹ ማሳውን የሚያገኘው በታሰረበት ብሎን በኩል ከላሜራው ነው።

2. ማብሪያውን በበር ወደሚሠራበት ቦታ መልሰው የስዊቹን ብሎን ይፍቱ፤ ሽቦውንም ነቅለው ጫፉን ቀለም በሌለው ላሜራ ላይ ያስነኩት። ሲነቅሉት ወደ ምሰሶው ውስጥ ተንሸራቶ እንዳይገባብዎ አስቀድመው በክር ይሰሩት፤ ከገባ ማውጣቱ ከባድ ነው። ሲያስነኩት መብራቱ ከበራ ሽቦው ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ስዊቹ ወይም የተቀመጠበት ቀዳዳ ላይ ነው።

በእኔ መኪና ላይ የሆነው ይኸው ነበር። ቀለም ቀቢው የብሎኑን መቀመጫ ሳይሸፍን ስለረጨው ስዊቹ ማሳ አጣ። እኔ የወሰድኩበት ኤሌክትሪሽያን ግን በሩን እንኳ ሳይመለከት የጣሪያውን ልብስ ከጠርዙ ገነጠለው። የቮልስ የጣሪያ ልብስ ጠርዝ በመስታወቶቹ ጎማ ሥር ስለሚገባ፣ በደንብ ለመመለስ መስታወት ማውጣት ግድ ይላል፤ እኔን ያከሰረኝም መብራቱ ሳይሆን ይህ ነው። ይባስ ብሎ ፊውዙን አንስቶ በቦታው የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ አስገባበት። ይህ ሽቦን የሚያቃጥል ሥራ ነው። ስጠይቀው «ያረጀ መኪና ነው፣ ሽጠው» አለኝ። አባቴ ጣርማ በርን በጭጋግ ሲወጣበትና ሲወርድበት የኖረ መኪና ነው፤ ንግግሩ ዛሬም አልወጣልኝም። ቤቴ ወስጄ የብሎኑን ዙሪያ ላሜራው እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት፣ ስዊቹን መልሼ አሰርኩ፣ ዝገት እንዳይዘው ቫዝሊን ቀባሁት። በሩን ስከፍት መብራቱ ቦግ አለ፤ እስካሁንም ይሠራል።

3. ፊውዝ ሲገዙ ቀለሙን ይዩ፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። ከወጣው የሚበልጥ በፍጹም አያስገቡ። የፊውዙ ጫፍ አረንጓዴ ከሆነ ብዙ ጊዜ ማጽዳት ብቻ ይበቃዋል። የቆዩት ቮልሶች 6 ቮልት ስለሆኑ አምፖል ከመግዛትዎ በፊት ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ ይመልከቱ።

ከጠገኑት በኋላ በሩን ዘግተው ስዊቹ በደንብ መጫኑን ያረጋግጡ። ሳይጫን ከቀረ መብራቱ በርቶ ያድራል፤ 10 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ወደ 0.8 አምፔር ስለሚስብ፣ 36 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሁለት ቀን እንኳ አይቆይም፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ሞተር ማስነሳት ያቅተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ማብሪያውን በበር ቦታ ላይ ትተው፣ ከጨለመ በኋላ በመስኮት በኩል አንድ ጊዜ ይመልከቱት።