«ስተዲድ» ሁሉ የተጠና አይደለም፤ እኔን ጠይቁኝ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። «ስተዲድ ኢንዲፈረንስ» የሚል እንግሊዝኛ ገጠመኝ፣ ስተዲድ ማለት የተጠና አይደል ወይ፣ ግዴለሽነት ደግሞ እንዴት ይጠናል ነው ያልከው። ለምን እንደፈለግከው አልነገርከንም። ግን መቼም በእኩለ ሌሊት እንዲህ ዓይነት ቃል ይዞ የሚፋጠጥ ሰው ተርጓሚ ነው፣ ጠዋት የሚያስረክበው ገጽ አለበት። ስለዚህ እንደ ሥራ ባልደረባ ልመልስልህ። ከላይ «ጉግል አድርገው» ያሉህን እለፋቸው።

በአጭሩ፣ እዚህ ቦታ ላይ ስተዲድ ማለት ሆን ተብሎ፣ ታስቦበት፣ ተለፍቶበት የተደረገ ነው። ሰውዬው ግዴለሽ አይደለም። ግዴለሽ ለመምሰል እየሠራበት ነው። «አውቆ የተኛ ቢጠሩት አይሰማም» እንል የለ? የዚያ ሰውዬ እንቅልፍ ስተዲድ ነው።

አሁን ምክሮቼን በቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. ከቃሉ ቀጥሎ የመጣውን ስም እይ። ስተዲድ ብቻውን ምንም አይነግርህም። ቀጥሎ የመጣው ተመራማሪ ሊያጠናው የሚችል ነገር ከሆነ፣ ዕፅዋት በለው፣ በሽታ በለው፣ ወረዳ በለው፣ ያው ጥናት የተደረገበት ማለት ነው። ሰው ፊቱ ላይ ወይ አነጋገሩ ላይ የሚያሳየው ነገር ከሆነ ግን፣ ዝምታ፣ እርጋታ፣ ትሕትና፣ ግዴለሽነት፣ ያኔ ሆን ተብሎ ነው። «ስተዲድ ካልም» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ያ የተረጋጋ ሰውዬ ውስጡ ሌላ ሊሆን እንደሚችል እየጠቆመህ ነው። «ስተዲድ ፖላይትነስ» ጥርስ ተነክሶ የሚሰጥ ትሕትና ነው። «ስተዲድ ኢንሰልት» ደግሞ ከአፍ ያመለጠ ስድብ ሳይሆን ቤት ተቀምጠው ያዘጋጁት ስድብ። በነገራችን ላይ ከሁሉም የሚከፋው ይሄኛው ነው።

2. «የተጠና» የምትለዋን ቃል ጠርጥራት። ሰው የሚሳሳተው ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ በእኛም ሌባ ቤት አጥንቶ ይገባል። «የተጠና ዝርፊያ» ብትል ማንም ይረዳሃል። ቃሏ ግማሽ መንገድ ትወስድህና እዚያ ላይ ትጥልሃለች። ዝርፊያ ዕቅድ አለው። «የተጠና ዝምታ» ስትል ግን አንባቢው ዝምታው ላይ ጥናት የተካሄደ ይመስለዋል። ይሄን ከየት አመጣሽው አትለኝም?

ስሙን የማልጠራው አንድ የትርጉም ቢሮ ነበር። በገጽ ነው የሚከፍለው፣ በወር መጨረሻ፣ እሱንም ሲያሻው። ስለ ደንበኞች አቤቱታ የተጻፈ ሪፖርት ሰጡኝ። ውስጡ ድርጅቱ ስለ ጉዳዩ ሲጠየቅ «ስተዲድ ሳይለንስ» መረጠ ዓይነት ነገር አለ። እኔ «ድርጅቱ ሲጠየቅ ሆን ብሎ ዝም አለ» ብዬ አስገባሁ። እንዲያውም መጀመሪያ «አውቆ ዝም አለ» ነበር ያልኩት፣ ለሪፖርት የሰፈር ወሬ መሰለኝና ቀየርኩት።

ክፍያዬን ልቀበል ስሄድ ተቀንሶ ጠበቀኝ። ለምን ስል «እርማት በዝቶበታል» ተባልኩ። እስቲ ወረቀቱን አሳዩኝ አልኩ። «ሆን ብሎ» በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ከላዩ «የተጠና» ተብሎ ተጽፏል። ጎኑ ላይ ደግሞ «ከምንጩ ጋር አይመሳከርም!» ቃለ አጋኖዋ ወረቀቱን ልትበሳ ምንም አልቀራት።

አራሚውን አገናኙኝ አልኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ስልኳን አነሳች። ማንም አልደወለላትም። ስልኩ ጠፍቶ ይሁን ተቆልፎ እንጃ፣ ስክሪኑ ድፍን ጥቁር ነው፣ ከቆምኩበት ይታየኛል። በዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ አውራ ጣቷን ወደ ላይ ታንሸራትታለች፣ ታንሸራትታለች፣ መሃል ላይ እንዲያውም ፈገግ አለች። ይኸውልህ፣ የጠየቅከው ስተዲድ ኢንዲፈረንስ ይሄ ነው። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የትም አታገኝም።

አራሚው በስንት ጉድ ወጣ። «እህቴ፣ ስተዲ ማለት ማጥናት ነው፣ ይሄ እኮ የአራተኛ ክፍል ትምህርት ነው» አለኝ፣ ሰው እየሰማ። መዝገበ ቃላት እንይ አልኩት። ወፍራሙን አወጣና ግሱ ላይ ቆመ። ትንሽ ዝቅ ቢል ቅጽሉ ራሱን ችሎ ተቀምጧል። በጣቴ ላሳየው ስል መጽሐፉን ዘጋው። ልብ በል፣ ዘጋው!

ሪፖርቱ በእሱ እርማት ሄደ። ደንበኛው ምን ብሎ ቢመልስ ጥሩ ነው? «እዚህ ጋ የተጠቀሰውን ጥናት ማን ነው ያካሄደው? ቅጂው ይላክልን።» ያው አራሚ ደወለልኝ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዴት ነበር ያልሻት?» አለኝ። ነገርኩት። የቆረጡብኝን ግን እስከ ዛሬ አልመለሱም። እና አንተም እንዲህ ዓይነት ቃል ሲገጥምህ ጎኑ ላይ ኮሜንት ጻፍ፣ «እዚህ ጋ ቅጽል ነው፣ ሆን ተብሎ ማለት ነው» በል፣ መዝገበ ቃላቱን ፎቶ አንስተህ አያይዝ። ኮሜንት ያለበትን ገጽ በቀይ ለመሰረዝ ይፈራሉ። ክፍያህን ደግሞ ሳትቀበል ከቢሮው አትውጣ።

ወደ ቃሉ ልመለስ። «ሆን ብሎ» ራሷም ሁሌ አትሠራም። ግዴለሽነት ላይ «ሆን ተብሎ የተደረገ ግዴለሽነት» ካልክ ትርጉሙ ልክ ነው፣ አማርኛው ግን ደረቅ ነው። «እንዳላየ ሆኖ አለፈው» ብትል ይበቃል። እርጋታ ላይ «የተረጋጋ ለመምሰል እየሞከረ»። አለባበስ ላይ ከመጣ፣ ያ ፀጉሩን ሳያበጥር የወጣ የሚመስለው፣ ግን መስታወት ፊት ሰዓት የፈጀው ሰውዬ ነው። እንደ ሁኔታው እየፈታህ ጻፈው። አንድ ቃል በአንድ ቃል ካልተካሁ ብለህ አትሙት።

3. ዘመዶቹን ለይ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይወድቃል። ደሊበረት ገለልተኛ ነው፣ ሆን ተብሎ፣ አለቀ። (ቅጽል ሲሆን መጨረሻው «ረት» ነው የሚባለው፣ ግስ ሲሆን «ሬይት»፤ ግሱ መምከር፣ መመካከር ነው፣ ዳኞች ተሰብስበው እንደሚያደርጉት።) ኮንሲደርድ ምስጋና አለበት፣ በደንብ ታስቦበት የተሰጠ አስተያየት። ካልኩሌትድ ጥቅም የተሰላበት ነው፣ ቀዝቃዛ። አፌክትድ ማስመሰሉ ያፈጠጠበት። ስተዲድ መሃል ላይ ነው፦ ጥረቱ ይታያል፣ ጸሐፊው ትንሽ ይጠረጥራል፣ ግን ውሸታም ነው አላለም። ተቃራኒው አንስተዲድ ደግሞ ያልተማረ አይደለም! ሳይለፋበት፣ ከተፈጥሮው የመጣ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሙገሳ ነው።

ስተዲየስ ካየህ ታታሪ ተማሪ ነው፣ እሺ። ግን ስተዲየስሊ ከአቮይድ (መሸሽ) ጋር ከመጣ ማንም እያጠና አይደለም፤ አንድን ነገር በጥንቃቄ እየሸሸ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ዓይኔን ስተዲየስሊ ነበር የሸሸችው።

ማጥናትና ሆን ማለት እንዴት አንድ ቃል ውስጥ ገቡ ካልክ፣ ሥሩ የላቲን ስቱዲየም ነው፣ ትጋት፣ ጉጉት ማለት። ፎቶ የምንነሳበት ስቱዲዮም ከዚያው የወጣ ነው። ትጋት መጽሐፍ ላይ ሲውል ጥናት ሆነ፣ ፊትህና ጠባይህ ላይ ሲውል ደግሞ ይሄ አሁን የሚያጣላን ነገር።

4. የመመረቂያ ጽሑፍ የምታርም ከሆነ (ታርማለህ፣ ሁላችንም በትርፍ ጊዜያችን እናርማለን) «ዘ ስተዲድ ኤሪያ» የሚል ይበዛብሃል። ስህተት ነው ብለህ አትጩህበት፣ ግን የተለመደው «ስተዲ ኤሪያ» ነው፣ ቀይርለት። አንደርስተዲድ ማለት በቂ ጥናት ያልተደረገበት ነው። አንደርስተዲ ግን ቲያትር ቤት ነው ያለው፣ ዋናው ተዋናይ ቢታመም ሊተካው ክፍሉን ያጠና ሰው። እነዚህን ሁለቱን አደባልቆ «ርዕሱ ተጠባባቂ ተዋናይ ነው» ብሎ የተረጎመ አይቻለሁ። አልቀለድኩም።

5. ለርንድ የምትባለውም ያው ጣጣ አላት። ምሁር ማለት ስትሆን «ለርኒድ» ተብላ በሁለት ክፍለ ቃል ትነበባለች፣ የእንግሊዝ ጠበቆች ችሎት ላይ ተከራካሪያቸውን «ማይ ለርኒድ ፍሬንድ» ሲሉ እንደምትሰማው። ከልምድ የመጣ ስትሆን ግን «ለርንድ» ናት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር እ.ኤ.አ. በ1967 በውሾች ሙከራ ያሳዩት «ለርንድ ሄልፕለስነስ» አለ አይደል፣ መውጫ የሌለው ሥቃይ የለመደ እንስሳ በኋላ መውጫ ሲያገኝም ዝም ብሎ የሚቀመጥበት። «የተማረ ተስፋ ቢስነት» እንዳትለው። ከልምድ የመጣ አቅመ ቢስነት በለው።

አሁን አንቀጹን ሙሉውን ለጥፈው። ማን ነው ግዴለሽ የሆነው፣ ማንን ነው እንዳላየ የሆነው፣ ያንን ሳላይ አማርኛውን ልቆርጥልህ አልችልም። ቢሮው የትኛው እንደሆነም በውስጥ መስመር ንገረኝ፣ ያው እነሱ ከሆኑ ቅድሚያ ክፍያ ሳትቀበል አንድ መስመር እንዳትልክ።