«እኔስ ገነት እገባለሁ?» ለሚል የ5 ዓመት ልጅ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ ካረፉ ወዲህ የ5 ዓመት ልጅሽ ማታ ማታ «እኔ ብሞት ገነት እገባለሁ?» እያለ ይጠይቅሻል፤ መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ጓደኛው «የሚዋሽ ልጅ እሳት ውስጥ ይጣላል» ብሎታል፤ ስለ ድኅነት፣ ማለትም ጌታ እኛን ስለማዳኑ፣ አሁን ልንገረው ወይስ እስኪያድግ ልተወው ብለሽ ተጨንቀሻል። እኔም ልጆች አሳድጌአለሁ፣ በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ክፍል ለዓመታት አስተምሬአለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ። እስኪያድግ አትተዪው። ልጁ ጠይቋል እኮ! ከእናቱ መልስ ካጣ ከጓደኛው ይወስዳል፤ ጓደኛው የሰጠውን ደግሞ አይተሽዋል።

ከሁሉ በፊት እሳቱን ከልቡ አውጪለት። እኛ አገር ልጅ የምንገሥጸው በእግዚአብሔር ስም ነው። ምሳውን ካልበላ «እግዜር ይቆጣሃል»፣ ወንድሙን ከመታ «ሰይጣን ይወስድሃል» ይባላል። እንዲህ እየተባለ ያደገ ልጅ ክፍል ሲገባ ያስታውቃል፤ ስለ እግዚአብሔር ስንጠይቀው አንገቱን ይደፋል፣ ያጠፋውን ነገር የደረስንበት ይመስለዋል። ፍርድ የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ፣ በጊዜውም ይማረዋል። ነገር ግን አዳኙን ሳያውቅ ሲኦልን ያወቀ ሕፃን የሚይዘው ድንጋጤ ብቻ ነው። ስለዚህ በቤታችሁ በፈጣሪ ስም ማስፈራራት ይቅር፤ ሞግዚቷም፣ አክስቱም፣ አባቱም ይስሙ።

አሁን ወደ ጥያቄው። በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሥቷል ብለሻል። እንግዲያው ልጅሽ በር ላይ ቆሞ «ያስገቡኝ ይሆን?» የሚል እንግዳ አይደለም፣ የቤቱ ልጅ ነው። ይህንኑ ንገሪው። የክርስትናው ዕለት ፎቶ ካለ አውጪና አብራችሁ ተመልከቱት። ካህኑ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ እንዳጠመቁት፣ ሜሮን እንደተቀባ፣ ማዕተብ እንደታሰረለት፣ በዚያው ዕለት ሥጋ ወደሙ እንደተቀበለ አውሪው። ያቀፈው የክርስትና አባቱ ማን እንደሆነ፣ የክርስትና ስሙ ማን እንደተባለ ይወቅ። ልጆች ሕፃን ሳሉ የሆነውን መስማት ነፍሳቸው ነው፤ «አለቀስኩ እንዴ?» ይልሻል፣ «አዎ፣ ውኃው ቀዝቅዞህ» ትዪዋለሽ። የጠየቀሽ ስለ ገነት ስለሆነ ይህንንም ጨምሪለት፦ መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት እንደገቡ ይነግረናል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን የሚጠመቁት ይህን ይዘን ነው። ያጣነው ገነት በጥምቀት ተመልሶልናል ማለት ነው፤ ለ5 ዓመት ልጅ ደግሞ «አንተም በ40 ቀንህ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገባህ» ማለት ይበቃዋል።

ቀጥሎ ሥዕል አሳዪው። ጌታችን አዳምንና ሔዋንን እጃቸውን ይዞ ከሲኦል ሲያወጣቸው፣ ሰይጣንም ታስሮ ወድቆ የሚያሳየው የትንሣኤ ሥዕል በብዙ ቤተ ክርስቲያኖቻችን አለ። እኔ ልጆቹን እሱ ፊት ሳቆማቸው ትምህርት አልጀምርም፤ ዝም ብዬ «ምን ታያላችሁ?» እላለሁ። አንድ ጊዜ ከልጅሽ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ሥዕሉን ሲያይ ቆየና «አዳም ለምን ራሱ አልወጣም?» አለኝ።

«አልቻለም። ስለዚህ ጌታችን ራሱ ወረደለት» አልኩት።

ጣቱን ወደ ሔዋን ዘረጋና «እሷንም አወጣት?» አለ።

«እሷንም።»

«የቀሩትንስ?»

ስለ ነገረ ድኅነት ብዙ ጉባኤ ተቀምጬአለሁ፤ ለዚያ ዕድሜ ከዚህ ንግግር የሚበልጥ ግን አልሰማሁም። ሰው ራሱን ማውጣት አልቻለም፣ ጌታ ወደ እሱ ወረደ፣ እጁን ያዘው። ለአዳም የተገባውን የማዳን ቃል ኪዳን፣ እስኪፈጸም የተጠበቀውን 5500 ዘመን፣ ከእመቤታችን መወለዱን እያደገ ሲሄድ በዚህ ላይ ትጨምሪለታለሽ።

በአንድ ማታ ሁሉንም ለመንገር አትሞክሪ። ዓመቱ ራሱ ይነግርልሻል፤ ቤተ ክርስቲያን ወቅቱን እንዲህ የሠራችው እኮ ለዚህ ነው። ገናና ጥምቀትን ልጁ ራሱ ይወዳቸዋል፣ ብዙ ማብራራት አይፈልጉም። አንቺ ኃይልሽን ለሰሞነ ሕማማት አቆዪ። በዚያ ሳምንት መስቀል አይሳለሙም፣ ሰውም አይሳሳምም፤ ልጅሽ «ዛሬ አባ ለምን አላሳለሙኝም?» ማለቱ አይቀርም። «ጌታችን ስለኛ መከራ የተቀበለበት ሳምንት ስለሆነ አዝነን ነው» ብትዪው ይገባዋል። ዓርብ ዕለት አጠገብሽ ይስገድ፤ ሲደክመው ይቀመጥ፣ አትቆጪው። ችንካሩንና ደሙን እያበዛሽ አትተርኪለት፤ በስቅለት ተረክ ብዛት ሌሊት እየባነኑ ያስቸገሩ ልጆች አውቃለሁ። «እኛን ስለሚወድ ሞተልን» በዪና ጉልባኑን አብራችሁ ብሉ። ቅዳሜ ካህናቱ ቃጭል እያቃጨሉ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» (በመስቀሉ ሰላምን አደረገ) ብለው ቄጤማ ሲያድሉ ለእሱም በግንባሩ እሰሪለት። ሌሊት ከቻለ ለትንሣኤው ይዘሽው ውጪ፤ ቢተኛብሽም ጋቢ አልብሰሽ አስተኚው፣ ሲነቃ ጧፉን ያያል።

ከዚያ በዓለ ሃምሳውን ሁሉ ሰላምታውን ቤት ውስጥ ተቀባበሉት። አንቺ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ስትዪ እሱ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ይበል፤ «አሠሮ ለሰይጣን» ስትዪ «አግዐዞ ለአዳም» ይመልስ። ልጆች ይህን እንደ ጨዋታ በፍጥነት ይይዙታል። ሰይጣን ታሰረ፣ አዳም ነፃ ወጣ፤ ሥዕሉ ላይ ያየው ነው። ከጓደኛው ለሰማው ማስፈራሪያም ከዚህ የተሻለ መልስ አታገኚለትም፦ የምንፈራው እሱ ታስሯል።

«የሚዋሽ ልጅ» የተባለውን ግን በደንብ አነጋግሪው፤ ምናልባት የዋሸው ነገር ኖሮ ይሆናል ያስጨነቀው። በቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ ተርኪለት። ክፉ ሲሠራ ኖሮ በመጨረሻ ሰዓት «በመንግሥትህ አስበኝ» አለ፤ ጌታችንም «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» አለው። ልጆች በዚህ ታሪክ በጣም ይገረማሉ፣ «ሌባውን?» ይላሉ። አዎ፣ ሌባውን። «ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ» (አቤቱ በመንግሥትህ አስበን) የምትለዋን አጭር ጸሎት አስጠኚው፤ ከመተኛቱ በፊት ይበላት። ደግሞም አንቺ ራስሽ ሲያጠፋና «ይቅርታ» ሲልሽ ቶሎ ይቅር በዪው፣ ቂም ይዘሽ ቀኑን ሙሉ ፊትሽን አታጥቁሪበት። የእግዚአብሔርን ይቅርታ በእናቱ ይቅርታ ነው የሚለካው፤ በዚህ ዕድሜ ሌላ መለኪያ የለውም።

ስለ አያቱ፣ «ተኝተዋል» አትበዪው፤ መኝታ ሊፈራ ይችላል። «እግዚአብሔር ወሰዳቸው»ም ይቅር፤ ነገ እናቴንም ይወስድብኛል ብሎ ያስባል። እውነቱን በአጭሩ ንገሪው፦ ሞተዋል፣ ሥጋቸው ተቀብሯል፣ ነፍሳቸው እግዚአብሔር ዘንድ ናት፣ ጌታችን ሲመጣ ይነሣሉ። «እስከዚያስ?» ካለሽ «እንጸልይላቸዋለን» በዪው። ተዝካራቸው ገና ካልወጣ፣ በዕለቱ ከልጆች ጋር ይጫወት ብለሽ አታርቂው፤ ጧፍ ያብራ፣ «ነፍስ ይማር» ይበል። የሚያደርገው ነገር ያገኘ ልጅ ፍርሃቱ ይቀልለታል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንሽ። ብዙ እናቶች ልጁ መራመድ ሲጀምርና መረበሽ ሲያበዛ ማቁረብ ይተዋሉ፤ ከዚያ ልጁ ለዓመታት ከቅዱስ ቁርባን ይርቃል። ይህ ያሳዝነኛል። «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው» ያለው ጌታችን ነው፤ አንቺ በቃል ልታስረጂው የምትደክሚለትን ድኅነት ልጁ እዚያ በአፉ ይቀበለዋል። አቋርጠሽ ከሆነ መልሺው። ከቅዳሴ በፊት በዕድሜው ስንት ሰዓት ሳይበላ መቆየት እንዳለበት፣ 7 ዓመት ሲሞላው ጾሙንና ንስሐውን እንዴት እንደሚጀምር የንስሐ አባታችሁን ጠይቂ። ስትሄጂም ልጁን ይዘሽው ሂጂና የገነትን ጥያቄ በራሱ አፍ ይጠይቃቸው። አስቀድመሽ ግን ደውዪላቸውና የአያቱን ማረፍ፣ ጓደኛው ያለውንም ንገሪያቸው፤ ሳይቸኩሉ ቁጭ ብለው የሚያነጋግሩት ሰዓት ይቅጠሩላችሁ።