ምርቱ ያነሰ፣ ዱቄቱም የተጣበቀ የፖሊፕሮፒሊን ካታሊስት

በፖሊሜር ኬሚስትሪ የድኅረ ምረቃ ጥናት ላይ ያሉ አንድ አንባቢ የገጠማቸውን ችግር ጽፈውልናል። ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን ፕላስቲክ ለመሥራት፣ በማግኒዥየም ክሎራይድ ላይ የተጫነ፣ ውስጣዊ ዶነሩ (ካታሊስቱ ሲዘጋጅ አብሮ የሚገባው ረዳት ውህድ) ፍታሌት የሆነ የቲታኒየም ካታሊስት (ሪአክሽን አፋጣኝ) በ2 ሊትር ሬአክተር፣ በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በፈሳሽ ፕሮፒሊን ውስጥ ይጠቀማሉ። አዲስ የፕሮፒሊን ሲሊንደር ከገባ ወዲህ ምርቱ ከግማሽ በታች ወርዷል። ምርቱን ለማሻሻል በማሰብ ውጫዊውን ዶነር፣ ማለትም በሪአክሽኑ ጊዜ ለብቻው የሚጨመረውን ሲሌን የተባለ የሲሊኮን ውህድ፣ አስቀርተው ቢሞክሩም ምርቱ አልተስተካከለም፤ ዱቄቱ ግን እየተጣበቀ በማማሰያው ላይ መጋገር ጀመረ። ካታሊስቱ ተበላሽቷል ብለው ሊጥሉት ነው።

ገና አይጣሉት። ከጻፉልኝ እንደምረዳው ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ሁለተኛውን ያመጡት ሲሌኑን በማስቀረትዎ ነው።

ከመጣበቁ ልጀምር። በእንዲህ ያለ ካታሊስት ላይ ፍታሌቱ የተቀመጠው ቲታኒየሙ ፕሮፒሊኑን በሥርዓት እንዲደረድር ለመርዳት ነው፤ ነገር ግን ካታሊስቱን የሚያነቃው ትራይኢትይል አሉሚኒየም (ባጭሩ አሉሚኒየሙ) ሲጨመር ፍታሌቱን ከማግኒዥየም ክሎራይዱ ላይ እየነቀለ ያወጣዋል። ሲሌኑ የሚያስፈልገው የተለቀቀውን ቦታ እንዲይዝ ነው። ሲሌን ከሌለ ሥርዓት የለሹ ሰንሰለት ይበዛል፤ እርሱም ለስላሳና ሙጫ መሰል ስለሆነ ዱቄቱን ያያይዛል። ውስጣዊ ዶነራቸው በፍታሌት ፈንታ ዳይኢተር የተባለ ሌላ ውህድ የሆኑ ካታሊስቶች ያለ ሲሌንም ጥሩ ይሠራሉ፤ የእርስዎ ግን ከእነርሱ ወገን አይደለም። ስለዚህ ሳይክሎሄክሲል ሜቲል ዳይሜቶክሲ ሲሌንን ይመልሱ፤ ለመነሻ ያህል ለ1 ሞል ሲሌን ከ10 እስከ 20 ሞል አሉሚኒየም ይበቃል። መስተካከሉን በዓይን አይፍረዱ። ዱቄቱን በሚፈላ ዛይሊን አሟሙተው እስከ 25 ዲግሪ ያቀዝቅዙት፣ የዘቀጠውን አጥልለው የቀረውን ፈሳሽ አትንነው ይመዝኑ። ይህ በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ የቀረው ክፍል ከዱቄቱ ከ2 እስከ 4 በመቶ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ዶነሩ በትክክል እየደረሰ አይደለም።

የምርቱ መውረድ ግን ከሲሊንደሩ ጋር አብሮ ስለመጣ እኔ የምጠረጥረው ፕሮፒሊኑን ነው። የንጽሕናው መጠን 99.5 በመቶ መሆኑ ብቻውን አያረጋግጥም፤ በሚሊዮን ጥቂት እጅ የሆነ ውሃ፣ ኦክስጅን ወይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ካታሊስቱን ለማዳከም በቂ ነው። ለመለየት ትራይኢትይል አሉሚኒየሙን በእጥፍ አሳድገው አንድ ጊዜ ይሞክሩ። ሲሌኑንም በዚያው ልክ ማሳደግዎን አይርሱ፤ አለበለዚያ ምጥጥኑ ተዛብቶ መጣበቁ ይመለስና የትኛው ለውጥ ምን እንዳመጣ አያውቁም። ምርቱ ካንሰራራ ጥፋተኛው አሉሚኒየሙ ሊበላው የሚችል ነገር፣ ማለትም ውሃ፣ ኦክስጅን ወይም አልኮል ነው። ሆኖም አሉሚኒየሙን በዚያ መጠን እየጨመሩ መቀጠል መፍትሔ አይሆንም፤ ትርፉ ለቲታኒየሙ ከልክ በላይ ኤሌክትሮን ሰጥቶ (ሪዲዩስ አድርጎ) ያዳክመዋል። ይልቁንስ ፕሮፒሊኑን በሞለኪውላር ሲቭ (በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውሃ የሚይዝ ቁስ) ዓምድ፣ ከዚያም ኦክስጅን በሚይዝ የመዳብ ዓምድ ያሳልፉት። የሲቩ ቀዳዳ 3 አንግስትሮም ይሁን፤ 4 የሆነው ፕሮፒሊኑን ራሱን ያስገባል። አስቀድሞም በናይትሮጅን ሥር በ250 ዲግሪ ገደማ ካልደረቀ ዓምዱ ለስም ብቻ የቆመ ነው።

አሉሚኒየሙ በእጥፍ አድጎም ለውጥ ካልታየ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወይም ካርቦኒል ሰልፋይድ ይጠርጥሩ። አሉሚኒየም እነዚህን አያጸዳም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድማ ፋብሪካዎች ሪአክሽኑን በድንገት ማቆም ሲፈልጉ ሆን ብለው የሚያስገቡት ነው። አቅራቢውን የዚያን ሲሊንደር የትንተና ወረቀት ይጠይቁ፤ ከተቻለም ከቀድሞው ሲሊንደር በተረፈው ፕሮፒሊን ያንኑ ካታሊስት ይፈትሹ። ካታሊስቱ ሊጣል የሚገባው በታወቀ ንጹሕ ፕሮፒሊንም ምርቱ ዝቅ ብሎ ከቀረ ብቻ ነው።

ሲሌኑ ከተመለሰ በኋላም ጓል ከታየ፣ ካታሊስቱን በቀጥታ በ70 ዲግሪ ስለሚያስገቡት ሊሆን ይችላል። የፖሊሜሩ ቅንጣት የካታሊስቱን ቅንጣት ቅርጽ ይዞ ስለሚያድግ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከመጠን በላይ የጋለ ቅንጣት ይሰነጠቃል ወይም ይቀልጣል። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ለጥቂት ደቂቃዎች ካቆዩት በኋላ ቀስ እያሉ ያሙቁት።

ትራይኢትይል አሉሚኒየም አየር ሲነካው በራሱ ይቀጣጠላል፣ በውሃም ይፈነዳል። በሄክሴን የቀጠነውን ብቻ በናይትሮጅን ሥር ይጠቀሙ፣ ደረቅ የዱቄት ማጥፊያም በአጠገብዎ ይኑር። በሲሪንጅ ውስጥ የቀረውን ጠብታ ቧንቧ ላይ አይጠቡት፤ አስቀድመው በሄክሴን አቅጥነው በናይትሮጅን ሥር በአይሶፕሮፓኖል ቀስ እያሉ ያክስሙት።