40 ሺህ ዶላር ይዞ ባሕር ዳር ለሚመጣ

ባለፈው ሳምንት ከሜሪላንድ አንድ ወጣት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ያጠራቀምኳት 40 ሺህ ዶላር አለች። ባሕር ዳር ላይ ሰው የሚቀጥር ነገር መክፈት እፈልጋለሁ። ምን ዓይነት ማሽን ይዤ ልምጣ?» ይሄ ጥያቄ በየጊዜው ስለሚደርሰኝ የነገርኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ከማሽን መጀመር ምን እንደሚያመጣ በራሴ አይቼዋለሁ። ከጀርመን ጠቅልዬ ስመለስ ዘመናዊ የእንጨት መቁረጫ በኮንቴይነር ጭኜ መጣሁ። ሼድ ተከራየሁ፣ ስድስት ልጆች ቀጠርኩ። በሰባተኛው ወር መብራት ሄዶ ሲመጣ የማሽኑ ቦርድ ተቃጠለ። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ አምስት ወር ቆመ። ያለ ሥራ ደመወዝ መክፈል አቃተኝና አራቱ ልጆች ሄዱ። አንዱ አሁን ባጃጅ ይነዳል፤ ባየሁት ቁጥር ያመኛል። በመጨረሻ ከባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የወጣ አንድ ጎረቤቴ እዚሁ የተሠራ ተራ መጋዝ ገጥሞልኝ ሥራው ቀጠለ። ፖሊቴክኒኩ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረ ነው። እኔ ግን ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱን እንኳ ሳላማክር ነበር ማሽን የገዛሁት። እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት «ሲበላሽ እዚህ ማን ይጠግነዋል?» በሉ።

ቀጥሎ የብሩ ጉዳይ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲመራ ተወሰነ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከመቶ አለፈ። ዕቃ ወደ ውጭ ለሚልክ ነጋዴ ደስ ይላል። ቀለም፣ ስፖንጅና ቺፑድ ከውጭ እያስመጣ ለሚሠራው ግን ዕቃው ተሰቀለበት። ስለዚህ ጥሬ ዕቃው እዚሁ የሚበቅል ሥራ ምረጡ። ከጣና ምሥራቅ ዳር ያለውን የፎገራን ሜዳ አስቡት። ሩዙ ከማሳ ወጥቶ ወረታ ላይ ይፈለፈላል። ማድረቅ፣ ማበጠር፣ ስባሪውን መለየት፣ በኪሎ ማሸግ፣ ማጓጓዝ፣ ሁሉም የሰው እጅ ይፈልጋል። ዶላር ሲወጣ የውጭው ሩዝ ይወደዳል፣ የፎገራው ግን ጥራቱ ከተስተካከለ ገዢ አያጣም።

ገንዘቡን ሁሉ ዕቃ ላይ አታፍስሱት። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም አነስተኛ ድርጅት ብድር የሚያገኘው በመከራ ነው። ከ40 ሺው ግማሹ ለሥራ ማስኬጃ ይቀመጥ። ሠራተኛ በደህና ወር ብቻ ሳይሆን በክፉውም ወር ይበላል።

የባሕር ዳርን ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትጠይቁኝም አላችሁ። የውጭ ፋብሪካ መምጣቱን እወደዋለሁ፤ ለስንቷ ልጅ የመጀመሪያ ደመወዟ ነው። ግን የልብስ ሥራው ትዕዛዝ የሚወሰነው ባሕር ማዶ ነው። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ (አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል) ስትወጣ አሜሪካ የሚገባው ልብሳችን ከቀረጥ ነፃነቱን አጣ። እናንተ ካርቶን፣ ምሳ ወይም ሰርቪስ ብታቀርቡ፣ ከፋብሪካው ውጭ ሌላም ደንበኛ ይኑራችሁ።

በኢንተርኔት የሚሠራ ሥራ ለምትሉ ደግሞ፣ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ነበር። በኦንላይን ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። መደበኛ (በገመድ የሚገባ) የኢንተርኔት መስመር የሌለው ቢሮ አትከራዩ።

የውጭ ፓስፖርት ያላችሁ፣ ቢጫ ካርዱን (የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያውን) ቀድማችሁ አውጡ። በእሱ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መስተናገድ ትችላላችሁ። ያለ እሱ እንደ ውጭ ባለሀብት ትቆጠራላችሁ። ብቻውን ለሚመጣ የውጭ ባለሀብት ደግሞ መነሻው በአብዛኛው 200 ሺህ ዶላር ነው።

ለዚያ ልጅ በመጨረሻ ያልኩት ይሄን ነው፦ «ጥር ላይ ባዶ እጅህን ና። መንገዱ ሰላም ከሆነ ወረታ ወርደን ከሩዝ ፈልፋዮቹ ጋር እንውላለን። ምን እንደሚጎድላቸው ከራሳቸው አፍ ስማ።»