ማን ላካችሁ?

የጎረቤቴ ልጅ ሦስተኛ ዓመት የፖለቲካል ሳይንስ ተማሪ ናት። በቀደም "ጋሼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ኤስፒኤስኤስ ነው ስታታ የሚሻለኝ?" አለችኝ። ሁለቱም የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ናቸው፤ ስታታ አልኳት። ከዚያ ሲከነክነኝ አመሸ። የቆየ ነገር ቀሰቀሰችብኝ።

ወጣት ሳለሁ እዚሁ ሀዋሳ ስለ ቀበሌ አገልግሎት የነዋሪ አስተያየት እሰበስብ ነበር። ከቀበሌው አንድ ሰው አብሮኝ ይዞራል። ቤቱን የሚያሳየኝ እሱ ነው፤ ወንበርም ቀድሞ የሚቀርበው ለእሱ ነው። "አገልግሎቱን እንዴት ያዩታል?" እላለሁ። "በጣም ጥሩ ነው" ይላሉ፣ እኔን ሳይሆን እሱን እያዩ። ምልክት አደርጋለሁ። ቀጣዩ ቤትም ያው።

አንድ ቀን ሰውየው ለቅሶ ገጥሞት ቀረና ብቻዬን ወጣሁ። አንዲት እናት ቡና አፍልተው "ቁጭ በል" አሉኝ። ፎርሙን ሳላወጣ ስለ ጣሪያቸው ጀመሩ። ቆርቆሮው ያፈሳል። ይታደስልኝ ብለው ስንት ጊዜ አመልክተዋል፤ ሰሚ የለም። እኔም ደስ ብሎኝ ጥያቄዬን ጠየቅኩ። ዝም ብለው አዩኝና "ማን ነው የላከህ ልጄ?" አሉ። ነገርኳቸው። "እንግዲያው በጣም ጥሩ ነው ብለህ ጻፍልኝ።"

ልክ ናቸው። ቤቱ በ1967ቱ አዋጅ የተወረሰ ነው፤ አከራያቸው ቀበሌው ነው። በገዛ አከራዩ ላይ ለማያውቀው ሰው ማን ያወራል? የነገሩኝን ሁሉ ከፎርሙ ጀርባ ጻፍኩት። አስተባባሪው "ኮድ የለውም" (ኮድ ማለት ለመልሱ የሚሰጥ ቁጥር ነው) ብሎ አላስገባውም። እሳቸው ሪፖርቱ ውስጥ በጣም ከረኩት ነዋሪዎች አንዷ ሆነው ቀሩ። ፎርሞቹም ቢሮው ሲዛወር ተጣሉ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር፣ ቃለ መጠይቁ ሊያልቅ ሲል "ማን የላከን ይመስልዎታል?" ብሎ ይጠይቃል። ሌላ ሰው አጠገብ እንደነበርም ጠያቂው ይመዘግባል። መንግሥት ልኳቸዋል ያሉትን ከሌሎቹ ለይቶ ማወዳደር የሚቻለው ያኔ ነው።

የዛሬ ልጆች ቀመር ትወዳላችሁ። የምታስነብቡኝ መመረቂያ ሁሉ ያማኔ የሚባለው የናሙና መጠን ቀመር አለበት። የከተማውን ሕዝብ ታስገባላችሁ፣ 5 በመቶ ስህተት ትላላችሁ፣ 400 ሰው ገደማ ይወጣል። የትኞቹን 400 ግን ቀመሩ አይመርጥላችሁም። ከዚያ ጎግል ፎርም ቴሌግራም ላይ ትለቃላችሁ፤ የሚሞላላችሁ የዶርም ጓደኛችሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1936 ወደ 10 ሚሊዮን ሰው መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ አገኘ። በፕሬዚዳንት ምርጫው ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው በብዛት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ መልስ ለመላክ የተነሳሳውም ሩዝቬልትን የማይወደው ነበር። እኛም ብንሆን ከእናንተ አንሻልም ነበር፤ ከናሙናው በፊት የምናስበው ውሎ አበሉን ነው።

ስታታ ያልኩትንም ተዉት። አር የሚባለው ሌላ ሶፍትዌር በነጻ ነው፤ የእናንተ ስታታ ሳይከፈልበት የተሰበረ ክራክ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቀበሌ ስትሄዱ ደብዳቤ ይጠይቋችኋል፤ ያዙ። ሰው አብሯችሁ እንላክ ካሉ መንገድ ያሳያችሁ፣ በር ላይ አመስግናችሁ መልሱት። እምቢ ብሎ ከገባ ምን ታደርጋላችሁ፣ ቡናውን ጠጡ። ፎርሙ ላይ ግን መግባቱን ጻፉ፤ ኮድም ስጡት።